የ1974 ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር፦ ሲሞቅ የማይነሣ ሞተር፣ የሚዋዥቁ ጌጆችና የማይዞር ቬንቲሌተር

የሽምብጡ ልጅ (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ፤ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ ሲነዱት የኖሩት፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን ለስድስት ዓመት ያህል ሸራ ለብሶ ግቢያችን ውስጥ የቆመ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለኝ። ሥሪቱ የ1974 እ.ኤ.አ. ሲሆን ባለ 1,756 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቭ የሚከፍት ዘንግ) ሞተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዌበር ካርቡራተርና አምስት ማርሽ ያለው ነው። ባለፈው ዓመት ቦዲው ተጠግኖ ቀለም ከተቀባ ወዲህ ወደ መንገድ መልሼዋለሁ፤ ሆኖም አንዱን ችግር ፈታሁ ስል ሌላው እየተነሣ፣ አንድም ቀን ያለ ሥጋት ነድቼው አላውቅም።

ዋናው ችግር የሚከተለው ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል። ነገር ግን ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ ሄጄ ስመለስ ቤንዚን ለመቅዳት ካጠፋሁት፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረው) እያቃሰተ አንድ ሁለት ጊዜ ዞሮ ዝም ይላል። ኮፈኑን ከፍቼ አርባ ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሣል።

ሁለተኛው የጌጆቹ ነገር ነው። ማታ የፊት መብራት ሳበራ የሙቀት ጌጁ መርፌ በዚያው ቅጽበት ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ የቤንዚን ጌጁም አብሮት ይነሣል። ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ሁለቱም መርፌዎች ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር ይነቀነቃሉ። ከዚህም የተነሣ ሞተሩ በእውነት እየሞቀ ይሁን ወይስ ጌጁ እየዋሸኝ ይሁን መለየት አልቻልኩም። በራዲያተሩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር ሲዞር ያየሁት ከስንት አንዴ ነው፤ በገበያ ቀን መኪና ሲበዛና ቀስ እያልኩ ስሄድ ውኃው መፍላት ጀምሮ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር አቁሜአለሁ። በመጨረሻም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ ሞተሩ ይታነቃል፤ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ስፈታ አራቱም እንደ ከሰል ጠቁረው አገኘኋቸው።

እስካሁን ባትሪ ለውጫለሁ፣ ቦቢና (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን) ለውጫለሁ፣ ሞተሪኖውንም አስፈትቼ ካርቦኑን አስቀይሬአለሁ። አንዱ ጋራዥ «ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይቀየር» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ገመዱ በሙሉ ወጥቶ በአዲስ ይዘርጋ ይላል። ሁለቱንም ለማድረግ አቅሜ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም እንኳ የአባቴን መኪና ያለ ምክንያት መበታተን አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

ጡረተኛ ኤሌክትሪሺያን

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍሳቸውን ይማር። የእሳቸውን መኪና ከሸራ ሥር አውጥተህ ለመንገድ ለማብቃት መድከምህ የሚያስመሰግን ነው። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜዬን ጨርሼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ከጻፍከው ሁሉ ቆም አድርጎ ያሳሰበኝ «ቀለም ከተቀባ ወዲህ» ያልከው ነው።

አዲስ ቀለም በተቀባ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳው ነው። ማሳ ስል የባትሪውን ኔጌቲቭ ከቦዲውና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን ወፍራም ገመዶች፣ እንዲሁም ከየመብራቱና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወጥተው ቦዲው ላይ የሚታሰሩትን ቀጫጭን ገመዶች ማለቴ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀቢው ብሎኑን ፈትቶ፣ ቦታውን ቀብቶ፣ የገመዱን ቀለበት መልሶ በቀለሙ ላይ ካሰረው፣ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለአንድ ትንሽ አምፖል ይበቃ ይሆናል እንጂ ለሞተሪኖ ፈጽሞ አይበቃም።

ምን ያህል ትንሽ ነገር ምን ያህል ትልቅ ችግር እንደሚያመጣ በቁጥር ላሳይህ። ሞተሪኖ ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፤ 150 አምፔር ነው እንበል። በመስመሩ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የማገድ ባሕርይ) ያለው ክፉ ግንኙነት ቢኖር 1.5 ቮልት እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቴስተርህን በኦም አድርገህ ያንኑ ቦታ ብትለካ ግን 0.01 ኦምን ለይቶ ስለማያሳይህ «ገመዱ ደህና ነው» ብለህ ትዘጋዋለህ። ብዙ ሰው ባትሪና ሞተሪኖ ሲለዋውጥ የሚከርመው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ዓይነቱ ብልሽት የሚገኘው ሞተሪኖው እየሠራ፣ በቮልት ሲለካ ብቻ ነው።

ሲሞቅ ለምን እንደሚብስም ምክንያት አለው። መዳብ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ 0.4 በመቶ ያህል ያድጋል። ከሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው ገመድና የሞተሪኖው ጥቅል ሽቦ 50 ዲግሪ ቢሞቁ ሬዚስታንሳቸው 20 በመቶ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ጠዋት በጭንቅ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከሰዓት በኋላ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

አሁን አለካኩን ልንገርህ። ሞተሩ እንዳይነሣ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ንቀልና ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አያይዘው። ቴስተሩን በ20 ቮልት ዲሲ አድርግ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ አሳርፍ፤ በሞርሴቶው (ገመዱን ከምሰሶው ጋር በሚያስረው መያዣ) ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ምሰሶ ላይ መሆኑን ልብ በል፤ ምክንያቱም በሞርሴቶውና በምሰሶው መካከል ያለውን ዝገትም አብረን መለካት እንፈልጋለን። ሌላውን ጫፍ ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያዝ። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ያዙርልህ። ንባቡ ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደህና ነው። ከ0.5 ቮልት ካለፈ ጥፋተኛው ተገኝቷል። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ ለካ። የባትሪውን ቮልትም ጻፈው፤ ሳይሠራ ቆይቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለው ሙሉ ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ከ10 ቮልት ብዙ መውረድ የለበትም። ሁሉንም አንድ ጊዜ በቀዝቃዛው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «አልነሣም» ባለበት ሰዓት ለካ፤ ሁለቱን ስታወዳድር ነው እውነቱ የሚወጣው።

ጌጆቹን በተመለከተ፣ መብራት ሲበራ መርፌ የሚነሣ ከሆነ ጌጁም ላኪውም (ልኩን ለጌጁ የሚልከው መሣሪያ) ላይጠየቁ ይችላሉ። መብራቱና ጌጁ አንድ ማሳ ተጋርተው ያ ማሳ ሲላላ፣ የመብራቱ ኤሌክትሪክ መውጫ ሲያጣ በጌጁ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ከፍሬቻው ጋር አብሮ መነቅነቁ ይህንኑ ያረጋግጥልኛል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቦዲው ላይ የታሰረውን ማሳ ፈልገህ እንደ ትልቁ አጽዳው።

ስታጸዳ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ የቀለበቱን ስፋት ያህል ብቻ ፋቅ፤ ቀለበቱን ራሱን በሁለቱም ፊት አጽዳ፤ በደንብ አጥብቅና ከላይ ግራሶ ቀባው። ግራሶው የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው፤ ጥቅሙ የጣና እርጥበት እንዳይገባ ለመከላከል ነው።

የፊውዝ ሳጥኑን አትዝለል። በዚያ ዘመን የነበሩት የፊያት ፊውዞች በሁለት ቀጭን የመዳብ ምላሶች መካከል የሚቀመጡ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ 8 አምፔርና 16 አምፔር ተብለው የሚለዩ ናቸው። ፊውዙ ሳይቃጠል ጫፉና ምላሱ ይዝጋሉ፤ ከዚያም ይግላሉ፤ ሲግሉ ምላሱ የመጨበጥ ኃይሉን ያጣል። መብራት አብርተህ አሥር ደቂቃ ቆይና እያንዳንዱን ፊውዝ በጣትህ ቀስ ብለህ ንካ፤ የሚያቃጥል ካለ ብልሽቱ እዚያ ነው። አንዳንድ ሰዎች ፊውዙን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ሲጠቀልሉ አይቻለሁ። እባክህ ይህን እንዳታደርግ፤ ፊውዙ ሊያቋርጠው የሚገባውን እሳት ወደ ገመዱ መላክ ነው።

ለቬንቲሌተሩ ደግሞ በራዲያተሩ ላይ ካለው የሙቀት ስዊች ሁለቱን ገመዶች ንቀልና ቁልፉን ከፍተህ እርስ በርሳቸው አገናኛቸው። ከዞረ የቬንቲሌተሩ ሞተርና መስመሩ ደህና ናቸው፤ ስዊቹን እንጠረጥራለን። ካልዞረ ፊውዙን፣ ማሳውን፣ በመጨረሻም ራሱን ቬንቲሌተሩን ትመለከታለህ።

ገመዱ በሙሉ ይቀየር ያለህን ሰው አትስማው። ከማንኛውም ሥራ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል አትርሳ፤ ለመለካት ብቻ ነው የምትመልሰው።

የሽምብጡ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ቴስተር ከጎረቤት ተውሼ ነገ እለካለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ የካንዴላዎቹ መጥቆርና ዳገት ላይ መታነቁም ከማሳ ጋር ይያያዛል?

የአውቶ መምህር

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ከዚያው እጀምር ነበር። የካንዴላው መጥቆር ግን ለብቻው የሚታይ ይመስለኛል፤ ሁለቱን ብልሽቶች አንድ አድርጎ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያባክናል።

ደረቅና ዱቄት የሚመስል ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቶ አየር ማነሱን ያመለክታል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ዘይት ነውና የፋሻው ነገር ይነሣ ነበር። እርስዎ «እንደ ከሰል» ስላሉ የመጀመሪያው ይመስለኛል። አንዱን ካንዴላ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ይመልከቱት፤ ጥላሸቱ እንደ ዱቄት ከለቀቀ ሞተርዎን ለማውረድ ምንም ምክንያት የለም።

ቤንዚን ለምን በዛ ለሚለው ከከፍታው እንነሣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መኪናው የተሠራባት ቱሪን ግን 240 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር የሚመዝነው የአየሩን ፍሰት እንጂ ክብደቱን ስላልሆነ፣ ለባሕር ወለል የተመረጠ ጂግለር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እዚህ ሲሠራ ድብልቁ በ9 በመቶ ያህል ይወፍራል። ይህ ብቻውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ካንዴላንም በመጠኑ ያጠቁራል። ነገር ግን አራቱንም ከሰል አስመስሎ ዳገት ላይ እስኪያንቀው ድረስ አያደርስም። አባትዎም በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ካርቡራተር ነድተውታል። ስለዚህ ሌላ የተጨመረ ነገር አለና ጂግለር ለመግዛት አይቸኩሉ።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ክዳን ከፍተው ሞተሩ ሞቆ ሳለ የካርቡራተሩን አፍ ይመልከቱ። የቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ አየር የሚቀንሰው) ምላስ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጋደል ብሎ የአፉን ግማሽ ከሸፈነ፣ የቾኩ ካቦ አልመለስ ብሏል ማለት ነው፤ ዳሽቦርድ ተፈትቶ በተገጠመ መኪና ላይ ካቦ መታጠፉ የተለመደ ነው። ቀጥሎ የፊልትሮውን ንጽሕና፣ ከዚያም በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን የተንሳፋፊ ከፍታና የቤንዚን መዝጊያ መርፌውን ይመልከቱ። ስድስት ዓመት የቆመ ታንከር ዝገት ስለሚልክ መርፌው ሥር አንድ ቅንጣት ብትገባ ቤንዚኑ አልዘጋ ብሎ ይሞላል። የፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተትም ይለኩ፤ ወደ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ፑንቲናው ሳይስተካከል ካርቡራተር መንካት ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ሙቀቱም የምጨምረው አለ። በዚህ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ሲይዝ ነው የመፍያው ነጥብ ከ100 በላይ የሚወጣው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ፣ ቬንቲሌተሩ በ90 ዲግሪ አካባቢ ሊነሣ ሲዘጋጅ ውኃው ለመፍላት የቀረው አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ያረጀ ክዳን ይዞ ጥቂት ሊሄድ ይችላል፤ እኛ ግን አንችልም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ጎማውን በጥፍርዎ ጫን ያድርጉት፤ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ይለውጡት።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ያ መኪና ስድስት ዓመት ቆሟል ብለዋል፤ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ግን አልጻፉም። ይህን ሞተር የነደፈው፣ ቀደም ሲል በፌራሪ የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለቱን ካምሻፍቶች በሰንሰለት ፋንታ ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ በማዞሩ ስሙን የተከለ ሞተር ነው። በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጎማ ሳይሠራ ቆሞም ያረጃል። እየሄዱ ሳለ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጩና ይጣመማሉ፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረዱ ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቆይም፣ የቺንጋውን ሽፋን ፈትተው ሳያዩ ወደ ጢስ ዓባይ እንዳይሄዱ አጥብቄ እለምናለሁ። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችም እንዲሁ ናቸው።

የሽምብጡ ልጅ

ሦስት ቀን ሙሉ ስለካና ሳጸዳ ሰንብቼ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ባትሪው ሳይሠራ 12.6 ቮልት ነው። በቀዝቃዛው ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ላይ 10.6፣ ከኔጌቲቩ ምሰሶ እስከ ሞተሩ ብረት 1.2 ቮልት አነበብኩ። ከዚያ ሰፈር ለሰፈር እየነዳሁ አሙቄ፣ አጥፍቼ ወዲያው ስለካ በዚያው ቦታ 2.1 ቮልት ሆነ። በፖዘቲቩ በኩል 0.4 ነበር። ማለትም ባትሪው ላይ 10.9 ቮልት እያለ ለሞተሪኖው የሚደርሰው 8.4 ብቻ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ስወቅስ የነበረው ያልበደለ ሞተሪኖ ነው።

ትልቁን ማሳ ስፈታ ጋሼ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት። የገመዱ ቀለበት ሥር ቀዩ ቀለም እንዳለ ተቀምጧል፤ መካከሉ ላይ ብሎኑ ሲጠብቅ የፋቃት፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበረች። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚያች ነጥብ ሲያልፍ ስለከረመ ዙሪያዋን ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል። ከገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሽፋኑን ትንሽ ስገልጠው ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ እንደ ጨው ረገፈ። ስለዚህ ገመዱን በአዲስ 25 ሚሊሜትር ካሬ ቀየርኩት፤ ከሞተሩ ወደ ቦዲውም ሌላ ተጨማሪ አሰርኩ። አሁን በሙቅ ሞተር 0.15 ቮልት ብቻ ነው የሚነበበው፤ ሞተሪኖውም እንደ አዲስ ይዞራል።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ማሳ ለማግኘት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ብሎኑ ላልቶ ቀለበቱ በጣት ይዞር ነበር። ካጠበቅሁት ወዲህ መብራት ሳበራ መርፌዎቹ አይነቃነቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሙቀት ጌጁን ማመን ቻልኩ፤ ይህ ምን ያህል እንዳሳረፈኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ቬንቲሌተሩ ገመዶቹን ሳገናኛቸው አልዞረም። ፊውዙን ሳወጣው አንደኛው ጫፍ ቀልጦ ተጣሟል፣ የመዳቡ ምላስም ጠቁሯል። ምላሱን አጽድቼ በፒንሳ ጠበብ አድርጌ አዲስ 16 አምፔር ስከትበት ዞረ፤ ስዊቹም ከገጠምኩት በኋላ በራሱ አስነሣው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማም እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቆ ስለነበር ተለውጧል።

ቾኩም መምህሩ እንደጠረጠሩት ግማሹን ተዘግቶ ነበር። ካቦው ከዳሽቦርዱ ሥር ተቆልምሞ ነበርና ሳቃናው ምላሱ ቀጥ አለ። ካንዴላዎቹን አጽድቼ ስመልስ ቤዛዊትን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሞተሩ ሞቆ አጥፍቼው አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሳስነሣው ሞተሪኖው በደንብ ቢዞርም ሞተሩ ቶሎ አይነድም፤ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ይሸታል። ወዲያው ካስነሣሁት ግን ችግር የለም። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ደግሞ በአንድ ሲሊንደር ይስታል።

የጀልባ ሞተር ሠሪ

እኔ የምሠራው በጣና ላይ የሚመላለሱ ጀልባዎችን ሞተር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ችግሮችህ በየቀኑ የማያቸው ስለሆኑ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የቤንዚኑ ሽታ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን መፍላቱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ውኃውም ቬንቲሌተሩም ይቆማሉ፤ የብረቱ ሙቀት ግን ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም። በአምስትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ በተንሳፋፊው ቤት ያለው ቤንዚን ይፈላና በራሱ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። ወዲያው ስታስነሣው ችግር የሌለው ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ገና አልደረሰበትም። ለማስነሣት ቾክ አትንካ፤ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠህ እንደያዝክ ቁልፉን አዙር፤ አታርገብግበው፤ እያርገበገብክ ስትረግጥ ተጨማሪ ቤንዚን ትረጭበታለህ። ሞተሩ ሲነድ ብቻ እግርህን አንሣ። ለዘለቄታው ደግሞ በካርቡራተሩና በሥሩ ባለው ብረት መካከል የሚቀመጠውን ወፍራም ጥቁር መለያ ተመልከት፤ አንዳንድ ሰው ካርቡራተር ፈትቶ ሲመልስ እሱን ይተወውና በወረቀት ጓርኒሲዮን ብቻ ያስረዋል። የቤንዚን ቱቦውም ከሞተሩ ብረት ጋር እንዳይነካካ አድርገህ እሰረው።

የዝናቡ ማግስት መሳት የእሳት መፍሰስ ነው፤ ማለትም የካንዴላው ኤሌክትሪክ ወደ ሌላ ቦታ ይዘላል። ማታ፣ ጨረቃ በሌለበት፣ የግቢህን መብራት አጥፍተህ ሞተሩን አስነሣና ኮፈኑን ከፍተህ ተመልከት። ከሚረጭ ጠርሙስ ጥቂት ውኃ እንደ ጤዛ አድርገህ በካንዴላ ገመዶቹና በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ አርከፍክፍ። እሳቱ የሚፈስበት ቦታ ካለ ሰማያዊ ክር የመሰለ ብልጭታ ሲዘልል ታየዋለህ፤ ጠጋ ብለህ ካዳመጥክም ይንጣጣል። እጅህን ግን እንዳታስጠጋ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካገኘህ አይጠገንም፤ በአዲስ መለወጥ ነው።

የሽምብጡ ልጅ

ትናንት ማታ እንዳሉኝ አደረግሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር ገመድ ከቫልቭ ሽፋኑ ጋር በሚነካካበት ቦታ ላይ ሰማያዊው ብልጭታ ሲዘልል እናቴም ልጄም ቆመው አዩት። አራቱንም ገመድ አዝዣለሁ። በካርቡራተሩ ሥር መለያው አለ፤ ቱቦውን ግን ከሞተሩ አርቄ አስሬዋለሁ፤ ፔዳሉን ረግጦ የማስነሣቱ ዘዴም ሁለት ጊዜ ሞክሬው ሁለቱንም ጊዜ ሠርቷል።

የታይሚንግ ቺንጋውን ሽፋን ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ በጣቴ ወደ ኋላ ሳጥፈው ግን በየጥርሱ ሥር እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ባትሪውን ነቅዬ ሸራውን መልሼ አልብሼዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ የሚፈልግልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ቺንጋው ሲመጣ ልብ ልለው የሚገባ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የአውቶ መምህር

ሸራውን ስላለበሱት ደስ ብሎኛል።

ሲያዝዙ የመወጠሪያውን ኩሽኔታ አብረው ያስመጡ፤ አሮጌው ኩሽኔታ ቢነክስ አዲሱንም ቺንጋ ይበላዋል። አሮጌውን ቺንጋ ሳያወጡ በፊት ሞተሩን በእጅ፣ በብሎን መፍቻ ቁልፍ አዙረው የዋናውን ዘንግ የክራንኩንና የሁለቱን ካምሻፍት ምልክቶች ከየመስመራቸው ጋር ያገጣጥሙና በነጭ ቀለም ምልክት ያድርጉባቸው። ከታች ያለችውን የሦስተኛዋን አነስተኛ ዘንግ ቦታም አብረው ምልክት ያድርጉ። አዲሱን ካስገቡ በኋላ መወጠሪያውን ያጥብቁና ረጅሙን የቺንጋ ክፍል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ያጣምሙት፤ ሩብ ዙር ያህል ከዞረና ከዚያ በላይ እምቢ ካለ ውጥረቱ ልክ ነው። ከዚያም ካንዴላዎቹን አውጥተው ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። መሐል ላይ አንዳች ነገር ከያዘው አያስገድዱት፤ ወደ ኋላም አይመልሱት፤ ቆመው ምልክቶቹን እንደገና ይመልከቱ። ሁለቱን ዙር ጨርሶ ሁሉም ምልክቶች ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ካንዴላዎቹን ገጥመው ማስነሣት ይችላሉ።

ቺንጋው የተቀየረበትን ቀንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፈው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉት። ከ60,000 ኪሎ ሜትር አያሳልፉት፤ መኪናው ብዙ ካልሄደም በየአምስት ዓመቱ ይቀይሩት።